ከዘጌ አፈር የወጣው ብርቱካናማ፦ የላብ ማስታወሻዬ

ኅዳር 6፣ ዘጌ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሳን። ጣና ጸጥ ብሏል። ዳር ዳሩን አንድ ሁለት የደንገል ታንኳ ይታያል። የመጣሁት አፈር ፍለጋ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ሥራዬ ከአፈር ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ ማውጣት ነው። ከዚያም የወጣው ሞለኪውል ማን እንደሆነ በኬሚስትሪ መለየት። ከዛሬ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

ዘጌን የመረጥኩት በቡናው ምክንያት ነው። ቡናው የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። መሬቱ በበሬ አይታረስም። ቅጠል በቅጠል ላይ ሲበሰብስ ዘመናት አልፈዋል። ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እንዲህ ባለው አፈር ውስጥ፣ የሞተ ቅጠልና ሥር እየበሉ ነው። በሐኪም ቤት ከምናውቃቸው አንቲባዮቲኮች ብዙዎቹን መጀመሪያ የሠሩት እነሱ ናቸው። ስትሬፕቶማይሲን፣ ቴትራሳይክሊን፣ ክሎራምፌኒኮል ሁሉም ከዚህ ቤተሰብ ነው የመጡት።

የቡናው ባለቤት አዛውንት ናቸው። ፈቃድ ጠየቅኩና ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፈርኩ። ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና "ልጄ፣ እምነት ልትወስድ ነው?" አሉኝ። ገዳማቱ ቅርብ ስለሆኑ ጥያቄው የሚጠበቅ ነው።

"አይ አባባ፣ ለምርምር ነው። አፈሩ ውስጥ በዓይን የማትታይ ነገር አለች። እሷ መድኃኒት ትሠራለች" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያ ከዚያ ዋንዛ ሥርም ውሰድ። እሱ ሥር ያለው ያረጀ አፈር ነው" አሉ። ወሰድኩ። ስመለስ ከሐይቁ ዳር፣ ከደንገሉ ሥርም ጥቁር ጭቃ ጨመርኩ። የዘጌዎቹን "ዘ"፣ የደንገሉን "ደ" ብዬ ቁጥር ሰጠኋቸው። የዋንዛው ዘ-4 ነው።

ኅዳር 15

አፈሩ ለሳምንት በጥላ ደርቋል። ዛሬ በ55 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አሞቅኩት። ቶሎ ቶሎ የሚያድጉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ድርቀትና ሙቀት ሲደራረብባቸው ይሞታሉ። የስትሬፕቶማይሲስ ስፖር፣ እንደ ዘር ያለው ጠንካራ መልኳ፣ ግን ይቋቋማል። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ደረጃ በደረጃ አቅጥኜ፣ ስታርችና ኬዚን ባለበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄሊ መሰል ነገር) ላይ ዘራሁት።

ሻጋታ እንዳያስቸግረኝ አጋሩ ውስጥ ኒስታቲን ጨመርኩ። ኒስታቲንም የስትሬፕቶማይሲስ ልጅ ነው። ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ ያደረጉት። ከአፈር ባክቴሪያ በወጣ መድኃኒት የአፈር ባክቴሪያ መፈለጌ ደስ አለኝ።

ኅዳር 19

ያዘጋጀሁት የአጋር ዙር በሙሉ ተበላሸ። ምንም ያልተዘራበት ፔትሪ ዲሽ ላይ ሳይቀር ቅባታማ ነጭ ባክቴሪያ ወጥቷል። ማይክሮስኮፕ ሥር ሳየው ባሲለስ ነው፤ ስፖር ያለው። ማለትም ኦቶክሌቩ፣ በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ማሽን፣ በደንብ አልገደለም።

ግማሽ ቀን ከማሽኑ ጋር ስታገል ዋልኩ። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር። መመሪያው "15 ፒኤስአይ ላይ 121 ዲግሪ" ይላል፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው። ያ ልክ የሚሆነው ለባሕር ጠለል ነው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው። ውኃ እንኳ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ እዚህ 15 ሲል ውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ 118 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 18 መጠጋት አለበት። በመጀመሪያ ማሽኑ ያን ግፊት እንደሚችል ከላዩ ላይ ከተጻፈው አረጋገጥኩ። ከዚያ ሁሉንም እንደገና ሠራሁ። ደጋ ላይ የምትሠሩ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ሦስት ለጠፉት ዲግሪዎች አራት ቀን ከፍያለሁ።

ኅዳር 29

ወጡ! ስትሬፕቶማይሲስ አንዴ ካያችኋት አትረሳም። ሌሎች ባክቴሪያዎች አጋሩ ላይ እንደ ጠብታ ቅቤ ይተኛሉ። እሷ ግን ሥር ሰድዳ አጋሩን ትነክሳለች። በመርፌ ብታነሷት አትነሳም። ላይዋ ደረቅ ነው፤ ጤፍ ዱቄት የተነሰነሰባት ትመስላለች። የዘ-4ቷ ከላይ ግራጫ ናት። ከሥሯ ያለው አጋር ግን ቢጫ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀለም ጠጥቷል።

ክዳኑን ከፈት ሳደርግ የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ሽታ መጣ። ያ ሽታ ጂኦስሚን የሚባል ሞለኪውል ነው። 12 ካርቦን ያለው፣ ሁለት ቀለበት የተጣበቀበት አልኮል። እ.ኤ.አ. በ1965 ከባክቴሪያ አውጥተው ስም የሰጡት ናንሲ ገርበርና ሁበርት ለሸቫሊየ ናቸው። አምባዛ አንዳንዴ ጭቃ ጭቃ የሚለውም በዚሁ ነው። ጂኦስሚን በአሲድ ውስጥ ውኃ ጥሎ ሽታ ወደሌለው ነገር ይለወጣል። ስለዚህ ዓሣው ላይ ሎሚ የሚጨምቁ እናቶቻችን ጥሩ ኬሚስቶች ናቸው።

ታኅሣሥ 4

የአጋር ቁራጭ ሙከራ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የተቀባበት ሳህን ላይ ከየአንዳንዷ ባክቴሪያ ክብ ክብ ቁራጭ አስቀምጬ አሳደርኩ። ካገኘኋቸው 22 ባክቴሪያዎች አምስቱ ብቻ በዙሪያቸው ጥርት ያለ ቀለበት አበጁ። ዘ-4 የሁሉ የበላይ ሆነች፤ 24 ሚሊ ሜትር። ደ-7 የምትባለው የደንገሉ ሥር ልጅም 17 አመጣች። እሷ ምንም ቀለም የላትም።

ኢ. ኮላይ በምትባለው ሌላ ባክቴሪያ ላይ ግን ዘ-4 ምንም አላደረገችም። ይህም ራሱ መረጃ ነው። ኢ. ኮላይ ከውጭ አንድ ተጨማሪ ሽፋን አላት። በዚያ ሽፋን ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ትንንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ ነው የሚያሳልፉት፤ ከ600 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በላይ የሆነ ብዙውን ጊዜ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ የዘ-4 ሞለኪውል ትልቅ ሊሆን እንደሚችል ማስታወሻ ያዝኩ። በዚያ ምሽት ግን ልቤ ስለ ትልቅና ትንሽ አልነበረም የሚያስበው። አዲስ ነገር አግኝቼ ይሆናል ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ታኅሣሥ 14

ዘ-4 በፈሳሽ ምግብ ውስጥ ናት። አሥር ፍላስክ፣ በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር። ሼከር ላይ በ28 ዲግሪ እየተወዛወዘች ሰባት ቀን ትቆያለች። እንደ ጠላ ጥንስስ ነው፤ ጠብቁ ካላችሁ መጠበቅ ነው።

ፋርማሲ የሚሠራ ጓደኛዬ ቡና ላይ ጠየቀኝ። "ዛሬ ሁሉ ነገር በፋብሪካ ይሠራል። አፈር ውስጥ ምን አስገባህ? ሞለኪውሉን ገጣጥመው አይሠሩትም እንዴ?" ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ልጻፈው።

ይሠሩታል፤ ግን ዋጋው ሌላ ነው። ፔኒሲሊንን ውሰዱ። ልቡ አራት ማዕዘን ያለው ቀለበት ነው፤ ቤታ ላክታም ይባላል። ሦስት ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን በግድ ታጥፈው አራት ማዕዘን ሆነዋል። እንደ ተወጠረ ቀስት ነው፤ የነካው ነገር ላይ ይፈነጠራል። ባክቴሪያዋ ግድግዳዋን የምትሰፋበት ኤንዛይም ሲነካው ቀለበቱ ይከፈትና ኤንዛይሙ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የፔኒሲሊን ኃይሉ ይህ ውጥረት ነው። ለኬሚስት መከራ የሆነውም ይኸው ነው፤ ገና ሲሠራ ይሰበራል። ዶረቲ ሆጅኪን እ.ኤ.አ. በ1945 በኤክስሬይ መልኩን አሳየች። ጆን ሺሃን ከባዶ ተነሥቶ ለመገጣጠም እስከ 1957 ፈጅቶበታል። ያም ሆኖ ዛሬም ፔኒሲሊኑን የሚሠራው ሻጋታው ነው።

ጓደኛዬ በየቀኑ የሚሸጠው አሞክሲሲሊን የሁለቱ ድርድር ነው። ሻጋታው ፔኒሲሊን ይሠራል። ኤንዛይም የጎን እጁን ይቆርጣል፤ አራት ማዕዘኑ ሳይነካ ይቀራል። ከዚያ ኬሚስቱ ሌላ እጅ ይቀጥልበታል። ክሎራምፌኒኮል ደግሞ ትንሽ ሞለኪውል በመሆኑ ዕድለኛ ነው። ሚልድሬድ ሬብስቶክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1949 በላብ ስለሠሩት፣ ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ባክቴሪያዋን አላስፈለገውም። ሞለኪውሉ ትልቅና ብዙ ቀለበት ያለው ሲሆን ግን አፈር ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ትበልጠናለች። ጓደኛዬ ሲኒውን አስቀመጠና "እንግዲህ በርታ" አለኝ።

ታኅሣሥ 17

ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሼከሩ ቆመ። ስትሬፕቶማይሲስ ያለ ኦክስጅን አይሆንላትም፤ ከቆመች ታፍና ሥራዋን ታቆማለች። የላብ ቴክኒሻናችን ስልክ ሲደወልላቸው በዚያ ሌሊት ባጃጅ ይዘው መጡ። "አንተ አምስቱን፣ እኔ አምስቱን" አሉኝ። በስልክ መብራት እየተያየን ፍላስኮቹን በየተራ በእጅ ስናወዛውዝ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ቆየን። እኚህ ሰው ለጥናቴ ከኔ እኩል ደክመዋል።

ታኅሣሥ 21

ፈሳሹ የቁሌት ዘይት መስሏል። አጣርቼ በኤቲል አሲቴት አወጣሁት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ፈሳሽ ነው። ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውኃ የማይወዱ ሞለኪውሎችን ወደ ራሱ ይስባል።

ብዙ ስላወዛወዝኩት መሀሉ ላይ እንደ እርጎ ረጋ። ሁለቱ ፈሳሾች አልለያይ አሉ። አንድ ሰዓት ብጠብቅም ወይ ፍንክች። ንጹሕ ጨው ስጨምርበት ውኃው ከበደና እርጎው ቀስ እያለ ተፈታ። ላዩ ጥርት ያለ ብርቱካናማ፣ ታቹ የደበዘዘ ቢጫ ሆነ። ብርቱካናማው ኤቲል አሲቴቱን መምረጡን ጻፍኩ። ከአንድ ሊትር 130 ሚሊ ግራም ቀይ ቡናማ ሙጫ ቀረልኝ።

ታኅሣሥ 27

ዛሬ ያየሁትን በቅርብ ልንገራችሁ። ሙጫውን በቲኤልሲ (ቅልቅልን ወደ ነጥቦች የሚለያይ) ሳህን ላይ ለያየሁት። አምስት ነጥብ ወጣ፤ አንዱ ብቻ ብርቱካናማ ነው። ግን ገዳዩ የትኛው ነው? ቀለም ያለው ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ሳህኑ ላይ ስታፊሎኮከስ ያለበት ለስላሳ አጋር በስሱ አፈሰስኩበትና አሳደርኩት። ጠዋት ኤምቲቲ የሚባል ቢጫ ቀለም ረጨሁ። ሕያው ባክቴሪያ ኤምቲቲን ወደ ሐምራዊ ትለውጠዋለች፤ የሞተች አትችልም።

ሳህኑ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ሆነ። አንድ ቦታ ብቻ ሳይለወጥ ቀረ። በመሀሉ ያቺ ብርቱካናማ ነጥብ አለች። ቴክኒሻናችንን ጠርቼ አሳየኋቸው። ሁለታችንም ዝም ብለን ቆመን አየናት።

ጥር 5

ገና አለፈ። ከሲሊካ ኮለም (ቅልቅል የሚለያይ፣ ሲሊካ የተሞላ ቱቦ) ላይ 9 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብርቱካናማ ዱቄት አወረድኩ። ሜታኖል ውስጥ አሟምቼ የትኛውን ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር ውስጥ አስገባሁት። ሁለት ጉብታ ወጣ። አንዱ 240 ናኖሜትር አካባቢ፣ ሌላው 443 ላይ።

ቁጥሮቹን ይዤ ወደ አማካሪዬ ሄድኩ። "ዶክተር፣ ይመልከቱልኝ" አልኩ። አዩትና ወዲያው አልመለሱልኝም። ከዚያ "ብርቱካናማ፣ ትልቅ፣ ኤቲል አሲቴት የሚወድ፣ ኢ. ኮላይን የማይነካ፣ 443። ምን ይመስልሃል?" አሉኝ። እኔም በልቤ ይዤው የነበረውን፣ ግን ልናገረው ያልፈለግኩትን ስም ጠራሁ፤ አክቲኖማይሲን።

አክቲኖማይሲን ከስትሬፕቶማይሲስ የወጣ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ነው። ዋክስማንና ውድረፍ እ.ኤ.አ. በ1940 ነው ያገኙት፤ ስትሬፕቶማይሲን ገና ሳይገኝ። አዲስ አገኘሁ ያልኩት ከአያቴ ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ሆነ። አዝኛለሁ፤ አልደብቅም። አማካሪዬ ግን "ይመስላል ማለት ነው ማለት አይደለም። አረጋግጥ" አሉኝ። ከዚያ ጓንትህን እጥፍ አድርግ፣ መርዛማ ትነት ከሚስበው የላብ ሳጥን ውጭ አትክፈተው አሉ። አክቲኖማይሲን መርዙ ከባድ ነው። ለኢንፌክሽን አይሰጥም። የሕፃናት የኩላሊት ካንሰር መድኃኒት የሆነው ዳክቲኖማይሲን እሱ ነው።

ጥር 17

ከጥምቀት መልስ። ማረጋገጫውን በምንችለው መሣሪያ ጀመርኩ።

አክቲኖማይሲን በሚዛን መልክ ልትስሉት ትችላላችሁ። መሀሉ ላይ ፌኖክሳዚኖን የሚባል ጠፍጣፋ ባለቀለም ክፍል አለ፤ ብርቱካኑ ከዚያ ነው። ግራና ቀኙ ላይ እንደ ሚዛን ሳህን ሁለት ቀለበቶች ተንጠልጥለዋል። እያንዳንዱ ቀለበት አምስት አሚኖ አሲድ ነው፤ ትሪዮኒን፣ ቫሊን፣ ፕሮሊን፣ ሳርኮሲንና ሜቲል ቫሊን። ጠፍጣፋው ክፍል የዲኤንኤ ደረጃዎች መካከል ይሰገሰጋል። ቀለበቶቹ ከጎን ይይዙታል። ከዚያ አርኤንኤ የሚገለብጠው ኤንዛይም ማለፊያ ያጣል። የሰው ዲኤንኤም ያው ዲኤንኤ ነውና መርዝነቱ ከዚህ ይመጣል።

ፈተናው ኒንሃይድሪን ነው። ኒንሃይድሪን የአሚኖ አሲድ ነፃ ጫፍ ሲያገኝ ሐምራዊ ይሆናል። ንጹሑን ብርቱካን ነጥብ ላይ ረጭቼ አሞቅኩት። ምንም። በቀለበት የታሰረ ስለሆነ ነፃ ጫፍ የለውም፤ የጠበቅኩትም ይህንኑ ነው። ቀጥዬ 1 ሚሊ ግራሙን በጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በታሸገ ቱቦ፣ በ110 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ቀቀልኩት። ከዚያ ከታወቁ አሚኖ አሲዶች ጎን ለጎን ሳህን ላይ አስኬድኩት።

ረጭቼ ወደ ማድረቂያው ሳስገባው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ሐምራዊ ነጥቦች ብቅ አሉ። አንዱ ከትሪዮኒን፣ ሌላው ከቫሊን ትይዩ። ቀጥሎ በሁለቱ መካከል አንዲት ቢጫ ነጥብ መጣች። ፕሮሊን! ከሌሎቹ የሚለየው ናይትሮጅኑ ቀለበት ውስጥ ስለታሰረ ነው። ኒንሃይድሪን ያንን ናይትሮጅን ነጥቆ ሐምራዊውን መሥራት አይችልም፤ በቢጫ ይቀራል። ሳርኮሲንም ደብዘዝ ብሎ ቦታው ላይ አለ።

ይህ ሙከራ አንድ ነገር አያሳይም። በአክቲኖማይሲን ውስጥ ያለው ቫሊን እኛ ምግብ ውስጥ ያለው አይደለም፤ የግራ እጅ ለቀኝ እንደሚሆነው መስተዋታዊ መልኩ ነው። የእኔ ሳህን ግራና ቀኝ አይለይም። ለዚያ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

የካቲት 27

የላክነው ናሙና የማስ ስፔክትረም (የሞለኪውል ክብደት ልኬት) ውጤት መጣ። ትልቁ ምልክት 1255.6 ላይ ነው። ከጎኑ 1277.6። ልዩነታቸው 22 ነው፤ አንዱ ላይ ሃይድሮጅን፣ ሌላው ላይ ሶዲየም ተለጥፏል ማለት ነው። ስለዚህ ሞለኪውሉ ራሱ 1254.6 ነው። ከአክቲኖማይሲን ዲ ጋር ልክ ገጠመ። ትልቅ ነው ያልኩትም እውነት ሆነ።

ማታ ስለ አሠራሩ እያነበብኩ አመሸሁ። መልኩን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለመፍታት በብዛት የደከመው በጀርመን፣ ጎቲንገን የነበረው ሃንስ ብሮክማን ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ ከላክነር ጋር ሆኖ የአክቲኖማይሲንን ቤተሰብ በላብ ገጣጠመ። ቁልፉ ሁለቱ ወገን አንድ መሆናቸው ነው። ግማሹን ሠርተህ ሁለት ግማሾችን በኦክሲዴሽን ታጋጥማለህ፤ ባለቀለሙ መሀል ሲጋጠሙ ይፈጠራል። ባክቴሪያዋም የምትሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ዋንዛው ሥር ያለችው ዘ-4 ይህን በ28 ዲግሪ፣ በስታርችና በውኃ ትሠራዋለች። ኬሚስት ነኝ። ይህን ሳስብ ከወንበሬ ተነሣሁ።

መጋቢት 4

ዘጌ ሄጄ ለአባባ ነገርኳቸው። የእርስዎ ዋንዛ ሥር ያለችው የምትሠራው መድኃኒት ከዚህ በፊት የታወቀ ነው፤ ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት ይሰጣል አልኳቸው። "የታወቀ ከሆነ ምን ከፋህ?" አሉኝ። "አልከፋኝም" አልኩ፤ እውነቴን ነው። ስሙን ባላውቅ ኖሮ ሁለት ዓመት በከንቱ እከተለው ነበር።

ዘ-4ን በ20 ከመቶ ግሊሰሮል አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኳት። የስሟን ወረቀት ላይ "አክቲኖማይሲን ዲ፣ ዘጌ፣ ዋንዛ" ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ ሼከሩ ላይ ደ-7 ናት። ከደንገሉ ሥር የመጣችው፣ ቀለም የሌላት። በዚህኛው ዙር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስፔክትረሟን እወስዳለሁ። ትናንት ከ220 ናኖሜትር በላይ ምንም ጉብታ አላሳየችም። ስታፊሎኮከሱ ላይ ግን ቀለበቷ 19 ሚሊ ሜትር ደርሷል።